የአምስት ብር ወረቀት ለምን ሳንቲም አይሆንም?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ሄድኩ። ስወርድ አምስት ብር መልስ አለኝ። ሹፌሩ የደረት ኪሱን በርብሮ አንዲት ኖት አወጣ። ቀትር ነው፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ኖቷም እንደኛው አልቧታል። መሃሏ ላይ ለሁለት ተቀድዳ በፕላስተር ተጣብቃለች። ኖቷ ላይ ያለው ቡና ለቃሚ ከፕላስተሩ ሥር ቢጫ ሆኗል። የላጣፊዋ እጅ ስለሳተ አገጩና ግንባሩ አልተገጣጠሙም።

«ወንድሜ፣ ይቺ አትሄድም። ቀይርልኝ» አልኩት።

«አቦ እኔስ ከየት አመጣኋት? አሁን ሎሚ ይዘው የወረዱት እናት ናቸው የሰጡኝ።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልካቸው?»

«ዝርዝር ስለሌለኝ ነዋ!»

ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። ኖቷን ኪሴ ከተትኳት፣ እሱም ሄደ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። አምስት ብር ዛሬም ወረቀት የሆነው ለምንድን ነው? አስር ብርስ? ሳንቲም ቢሆኑ ይሻላል ወይስ ሌላ ጣጣ ነው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ «ሳንቲም» ሁለት ነገር ነው። አንዱ የብር መቶኛ ክፍል ነው፤ ሌላው ክቡ ብረት ራሱ። ስለዚህ «የአምስት ብር ሳንቲም» ስንል ሰው ጆሮው ላይ ብሩ ዋጋ ያጣ ይመስለዋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። «ሽልንግ» ደግሞ ከእንግሊዝ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንድ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ነበር። እንግዲህ ግማሽ ብር አንድ ሽልንግ ነው። ሽልንጉ ከአገር ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ሃምሳ ሳንቲም ግን ሽልንግ እንደተባለ ቀረ። ቤሳም የምኒልክ ዘመን ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ የምናገኘው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» በሚለው ውስጥ ብቻ ነው። የሳንቲም ዕድሜ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከገበያ ይወጣል፣ ስሙ ግን አፍ ላይ ይቆያል።

አንድ ብር ይህን መንገድ አልፎበታል። በላዩ 2002 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበትን ሳንቲም ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠርዙ አንድ ቀለም፣ መሃሉ ሌላ ቀለም ነው። በአንድ ገጽ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን አለው። የአንድ ብር ወረቀት እያደር ከእጃችን ጠፋ፣ ማንም አላለቀሰለትም። በመስከረም 2013 ደግሞ አስር፣ ሃምሳና መቶ ብር በአዲስ ኖት ሲለወጡና ሁለት መቶ ብር ሲወለድ፣ አምስት ብር ሳይነካ ታለፈ። ወደ ሳንቲም ይቀየራል ተባለ። እኔ በባጃጅ የተቀበልኳት ኖት እንግዲህ ጡረታ ልትወጣ ነው ከተባለች በኋላ ሥራ ላይ የቆየች ናት።

ወረቀት ለምን ያረጃል?

ወረቀት እንለዋለን እንጂ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የገንዘብ ኖት የሚሠራው ከጥጥ ነው። ለዚህ ነው ልብስ ውስጥ ረስተነው ቢታጠብ እንኳ የማይበታተነው። የሚያስረጀው ውኃ አይደለም፤ እጅ ነው። ማጠፍ፣ መጨበጥ፣ ላብ፣ ዘይት፣ አቧራ።

አንዲት የአምስት ብር ኖት በድሬ አንድ ቀን ምን እንደምታሳልፍ እንይ። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ መልስ ትሆናለች። ከዚያ ሻይ ቤት ትገባና አሳላፊው በእርጥብ እጁ ይቀበላታል። ሳምቡሳ ሻጩ ጋ ደርሳ ዘይት ትነካለች። ቀፊራ ገበያ ወርዳ በእናቶች መቀነት ጫፍ ትቋጠራለች። ተፈትታ ለሽንኩርት መልስ ትሆናለች። ማታ ልጅ ማስቲካ ሊገዛባት ጨብጧት ይሮጣል። ሁለት መቶ ብርን ተመልከቱ ደግሞ። ከባንክ ወጥቶ ፍራሽ ሥር ይገባል፣ ወይ ካዝና ውስጥ ይተኛል። ሲወጣም ተቆጥሮ በጎማ ታስሮ ነው። ትንሽ ገንዘብ የሚያረጀው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም ይነካዋልና።

ሳንቲም ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቆያል። ይዝግ፣ ይቧጠጥ፣ አንበሳው አፍንጫውን ይጣ እንጂ ዋጋው አይጠፋም። ለሳንቲም የሚሟገቱ ሁሉ የሚነሱት ከዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ይህን የማደርገው ጣቶቼን እየቆጠርኩ ነውና ታገሱኝ። በ2013 ወደ 2.9 ቢሊዮን አዲስ ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር መውጣቱ ተነግሮ ነበር። ሲካፈል አንዷ ኖት በአማካይ 1 ብር ከ28 ሳንቲም ገደማ ፈጅታለች ማለት ነው። ያኔ ዶላር 36 ብር ግድም ነበር። እንግዲህ አንዷ ኖት 3.5 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላርም ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በመቶ ብር እንኳ ብንመታው ያችው ኖት 3 ብር ከ50 ትሆናለች። አምስት ብር የሚል ወረቀት በ3 ብር ከ50 ማሳተም! እርግጥ ባለ አምስቷ በዚያ ቁጥር ውስጥ አልነበረችም፣ የኅትመት ዋጋም እንደ ብዛቱና እንደ ምስጢራዊ ምልክቱ ይለያያል። ግን ነገሩ ወዴት እንዳዘነበለ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ያለው ምሳሌ መላምት ነው። ኖቷ 3 ብር ከ50 ትፍጅ፣ ሁለት ዓመት ትቆይ። በ30 ዓመት 15 ኖት ያስፈልጋል፤ 52 ብር ከ50 ማለት ነው። ሳንቲሙ ደግሞ 12 ብር ይፍጅ። ሳንቲም በየመሳቢያውና በየጣሳው ተደብቆ ስለሚቀር በአንድ ኖት ፋንታ ሁለት ሳንቲም እንመድብ። 24 ብር። ሳንቲሙ በግማሽ ዋጋ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ካቆምን ግን ተሸውደናል።

ሳንቲሙ 30 ዓመት ይኖራል፤ አምስት ብርነቱስ? በ2002 አንድ ብር ዳቦ ይገዛ ነበር። ዛሬ አንድ ብር የጣለ ሰው ጎንበስ ብሎ ለማንሳት ያመነታል፤ ወገቡን የሚያመው ከሆነማ ጥሎት ይሄዳል። ብረቱ አላረጀም፣ ያረጀው ዋጋው ነው። ያንኑ ሒሳብ በ10 ዓመት እንሥራው። ኖት 5 ጊዜ ብቻ ይታተማል፣ 17 ብር ከ50። ሳንቲሙ አሁንም 24 ብር። አሁን ወረቀቱ አሸነፈ። ሳንቲም የሚያዋጣው ዋጋው ከብረቱ ጋር አብሮ ለሚኖር ገንዘብ ነው።

የጎረቤታችን ፍራንክ

ድሬ ላይ የጅቡቲን ሳንቲም ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ነጋዴ ይዞት ይመጣል፣ ዘመድ ለልጆች ይሰጣል። ትልቁ የጅቡቲ ሳንቲም 500 ፍራንክ ነው። መደበኛው የወረቀት ገንዘባቸው የሚጀምረው ከ1000 ፍራንክ ነው። አሁን ያዙኝ፤ ፍራንካቸው በ177.721 ከአንድ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ይህ ተመን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስለዚህ 500 ፍራንክ 2 ዶላር ከ80 ገደማ ነው። ዶላርን በመቶ ብር ብንይዘው እንኳ ከ280 ብር ይበልጣል።

ከትልቁ ኖታችን፣ ከሁለት መቶ ብር፣ የሚበልጥ ሳንቲም! እዚያ ሰው በአንድ ሳንቲም ምሳውን ይበላል። እኛ ሳንቲም ስንል ለማኝ ትዝ ይለናል።

ልዩነቱ የብረት ጥራት አይደለም። እነሱ ሳንቲሙን ሲቀርጹ ከ20 ዓመት በኋላም ምሳ እንደሚገዛ ያውቁ ነበር። እኛ ጋ ይህን መተማመኛ የሚሰጥ የለም። ብዙ ሰው «ብር ወደ ሳንቲም ሲቀየር ኑሮ ይወደዳል» ይላል፤ እኔ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ኑሮ ስለተወደደ ነው ብሩ ወደ ሳንቲም የወረደው። በእርግጥ ሻጭ ለሒሳብ እንዲቀለው ዋጋ ከፍ አድርጎ ሊያጠጋጋ ይችላል፤ ያም ቢሆን የአንድ ሰሞን ነገር ነው።

የተገላቢጦሽ አደጋም አለ። የብረቱ ዋጋ ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ሲበልጥ ሰው ያቀልጠዋል። ወይም መንግሥት ለእያንዳንዱ ሳንቲም ኪሳራ ይከፍላል። አሜሪካኖች በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ ሳንቲማቸውን፣ የዶላሩን መቶኛ፣ መቅረጽ ያቆሙት ለዚህ ነው። አንዷን ለመቅረጽ ከሦስት ሳንቲም በላይ ይፈጅባቸው ነበር።

ሁለቱ አብረው ይኑሩ የሚሉት

«ለምን ሁለቱም አይኖሩም? ወረቀት የወደደ ወረቀት፣ ሳንቲም የወደደ ሳንቲም ይያዝ» የሚል ሐሳብ አለ። ደግነት ያለበት ይመስላል። ተሞክሮ ግን አልሠራም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1979 የአንድ ዶላር ሳንቲም አወጡ። መጠኑ ከሩብ ዶላሩ ጋር ተቀራርቦ ሰው ተምታታበት፣ ጠላው። በ2000 ወርቃማ ቀለም ያለው ሌላ አወጡ። በ2007 የፕሬዚዳንቶቻቸውን ምስል እያፈራረቁ ሞከሩ። ወረቀቱ ዶላር ግን አልተነሳም። ታዲያ ማን ብረት ይሸከማል? ነጋዴው ደንበኛዬ አይወድም ብሎ ከባንክ አይወስድም፣ ደንበኛው ሱቅ ውስጥ ስለማያየው አይለምደውም። በ2011 ለገበያ መቅረጹን አቆሙ፤ ያኔ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሳንቲም ካዝና ውስጥ ተከምሮ ነበር።

ካናዳ ጎረቤታቸው ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 የዶላር ሳንቲሟን አወጣች፣ በ1989 ወረቀቱን ማውጣት አቆመች። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደው። በ1996 የሁለት ዶላር ሳንቲም ጨመሩበት። እንግሊዝም በ1983 ፓውንዱን ሳንቲም አደረገች፤ ወረቀቱን በ1988 አነሳችው። የእኛም የአንድ ብር ታሪክ እንዲሁ ነው፤ ሳንቲሙ የለመደልን ወረቀቱ ስለጠፋ ነው። ይህን ከግዴታ ጋር አያይዞ የሚከፋው ሰው ሊኖር ይችላል። እኔም ትንሽ ይከፋኛል። ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር የሁለቱንም ወጪ መክፈል ነው።

እንግሊዞች ሌላም ትምህርት ትተዋል። የፓውንዱ ሳንቲም እያደር በሐሰተኛ ተጥለቀለቀ። ከ30 አንዱ ገደማ ሐሰተኛ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ ሁለት ቀለምና ባለ 12 ማዕዘን አድርገው ለወጡት። የሳንቲም ዋጋ ሲያድግ አስመስሎ የሚሠራውም ይተጋል። አንድ ብርን ማንም አያስመስልም፤ አያዋጣውማ። ሃያ ብር ቢሆን ግን ይታሰብበታል።

ወረቀቱ የተጠላበት ዘመን

ሐረር ጀጎል ውስጥ የብር ጌጥ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። አንዴ አንዱ ጋ ገብቼ ጠገራ ብር መዳፌ ላይ አስቀምጬ ነበር። 28 ግራም ነው፤ ከበድ ይላል። 1780 ይላል። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ደረቷ ሞላ ብሎ፣ ሻሿን አድርጋ ወደ ጎን ታያለች። ባለሱቁ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በጥፍሩ ጠቆመኝ። «ዕንቁዎቹን ቁጠር። የድሮ ሰው ይቆጥር ነበር። ከጎደለ አይቀበልም።» በሞተችበት ዓመተ ምሕረት የሚቀረጽ የሩቅ አገር ንግሥት ሳንቲም፣ እዚህ ዕንቁዋ እየተቆጠረ ጫትና ቡና ይገዛባት ነበር።

ሐረር ለሳንቲም እንግዳ አይደለችም። አሚሮቿ መሐለቅ የሚባለውን የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር። በኋላ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር አወጡ፤ ግን ገበያው ዓይኑ ከማሪያ ቴሬዛ አልተነቀለም። የለመደውን ፊት ነው የሚያምነው። በ1898 የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ሐረርና ድሬዳዋም ቅርንጫፍ ነበረው። በ1907 ኖት ሲያወጣ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? ወረቀት ምን ያደርግልኛል፣ ብሬን ስጠኝ። እዚያው ባንክ ሄዶ በጠገራ መመንዘር የሚችል መሆኑ እንኳ ብዙዎችን አላጽናናም።

ያኔ የተናቀው ወረቀቱ፣ የተከበረው ብረቱ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠገራው ቢቀልጥም ብር ነው፤ ዋጋው በውስጡ አለ። ብዙው ቀልጦ አምባርና ድሪ ሆኗል፤ ጀጎል ያየሁትም ከዚያ የተረፈው ነው። የዛሬው ሳንቲም ግን በውስጡ ምንም የለውም። እንደ ወረቀቱ ሁሉ ዋጋው የሚቆመው በባንኩ ቃልና በተቀባዩ እምነት ነው። ሕንድ ውስጥ የ10 ሩፒ ሳንቲም ሐሰተኛ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ ባለሱቆች አንቀበልም ብለው ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ደጋግሞ መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሰ። እኛም ጋ አምስትና አስር ሳንቲም በሕግ ገንዘብ ናቸው፤ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና ሞክሩ።

የጠገራው ዘመን ስለ ክብደትም ይናገራል። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ነው፤ ለዚህ ነው በበቅሎ ይጫን የነበረው። የዛሬው ሳንቲም 7 ግራም ቢሆን፣ አንድ ሚሊዮን ብር በአምስት ብር ሳንቲም 14 ኩንታል ይመዝናል። ያው ገንዘብ በሁለት መቶ ብር ኖት 5 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን ጭነት የሚሸከመው ባንክ ነው፣ የትራንስፖርት ሒሳቡም አለ። ለእኔና ለእናንተ ኪስ ግን ከአምስት ስድስት ሳንቲም አያልፍም።

ታዲያ ምን ይሁን?

እኔን ከጠየቃችሁኝ አምስት ብርን ብቻ ሳንቲም ማድረግ የዘገየ ውሳኔ ነው። በ2013 ቢሆን ጥሩ ነበር። ዛሬ በአምስት ብር ምን እንደሚገዛ ለመናገር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አምስትና አስር አብረው ሳንቲም ይሁኑ፣ ወረቀታቸውም ይነሳ። ቀስ ተብሎ፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶ፣ ግን ቁርጥ ባለ ቀን።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ሃያ ብር። የብሮቻችንን ሰልፍ ተመልከቱ። አምስት፣ አስር፣ ከዚያ ዘሎ ሃምሳ። መሃሉ ባዶ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሃያ ብር ነበረ። ዛሬ በሌለበት ምን ይሆናል? ስልሳ ብር ገዝታችሁ መቶ ሰጣችሁ። መልሱ አርባ ነው። አርባ ብር አራት አስር ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም፤ በአምስት ካልሆነ በቀር። ሃያ ቢኖር ሁለት ሳንቲም ብቻ ነበር። ዝርዝር የጠፋው ሳንቲም ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ከአስር እስከ ሃምሳ ያለው ሸክም በሙሉ በአስር ብር ጀርባ ላይ ስለወደቀ ነው። አስሯም በፕላስተር የምትኖረው ለዚህ ነው።

ሃያ ብር በሳንቲም ቢወለድ ደግሞ የሚፎካከረው ወረቀት የለም። የአሜሪካው ችግር አይገጥመውም። ዋጋው ከአምስቱ ስለሚበልጥ የዋጋ ንረቱ ቶሎ አይበላውም፤ ይበላዋል፣ ግን ቆይቶ። ስለዚህ «ይተካ ወይስ ይጨመር?» ለሚለው መልሴ ሁለት ነው። ወረቀት ባለበት ይተካ፣ ወረቀት በሌለበት ይጨመር። ከሃምሳ ወዲያ ያለው ግን ወረቀት ሆኖ ይቅር። እዚያ እጅ አይበዛበትም፣ የሐሰተኛ ሳንቲም አደጋውም ከጥቅሙ ይበልጣል።

ይህን ለአንድ ዓይነ ስውር ወዳጄ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ዛሬ ነው የገባህ?» አለኝ። ኪሱ እጁን ሰዶ አንድ ብር አወጣና በአውራ ጣቱ ጠርዟን አሻት። «ይቺ አንድ ብር ናት። ማንንም አልጠይቅም። ወረቀት ግን አርጅቶ ሲለሰልስ አምስቱም አስሩም ጨርቅ ነው። ሰው አስር ነው ብሎ አምስት ሰጥቶኝ ስንቴ ሄዷል።» ከዚያ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ሦስቱ ሳንቲሞች ጠርዛቸውም ስፋታቸውም ይለያይ አለ። አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ማዕዘን ያለው። የእንግሊዙን ባለ 12 ማዕዘን ነገርኩት። «እሱን ነው የምልህ» አለ።

«በቴሌብር ዘመን ስለ ሳንቲም ታወራለህ?» የሚሉኝም አሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ እኔም የማልከፍልበት ቀን የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የመንግሥት ኦዲተሮች ሒሳቡን ደግመው ሠርተው፣ የወረቀቱ ዶላር ዕድሜ ከበፊቱ ስለረዘመ ሳንቲሙ አያዋጣም ብለዋል። ሰው ጥሬ ገንዘብ መንካት ሲቀንስ ወረቀቱም ያርፋል። እኛም አንድ ቀን እዚያ እንደርስ ይሆናል። ለአሁኑ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ባጃጁ ውስጥ የምንቀረው እኔና ሹፌሩ ነን።

ቅዳሜ ዕለት ሎሚ ልገዛ ቀፊራ ወረድኩ። ሎሚ ሻጯ እናት የቆየ ደንበኛቸው ነኝ። መቀነታቸው ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲሞች በፌስታል ተጠቅልለው ተቋጥረዋል።

«እማማ፣ ሃያ ብር በሳንቲም ቢመጣ ይቀበላሉ?»

ፈታ አድርገው አንድ ሳንቲም መዳፋቸው ላይ ነጠር ነጠር አደረጉ። «ክብደቷ እንደዚች ነው?»

«ትንሽ ብትጨምር ነው።»

«እንግዲያው ምን ቸገረኝ። ላብ አይነካት። ይኸው ወረቀቱ ጠዋት ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ማንም አይቀበለኝም።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አሁን የሎሚውን ክፈለኝ።»

ሠላሳ አምስት ብር ነበር። ሦስት አስር ሰጠሁ። ለአምስቷ ኪሴን በረበርኩና ያቺን የባጃጇን ኖት አወጣሁ። ጠዋት ስለሆነ ታልፍልኛለች ብዬ ነው። እማማ ወደ ብርሃን አነሷት። ገለበጧት። ፕላስተሩን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

«ውይ፣ ልጄ!» አሉ። «ይቺንማ የለጠፍኳት እኔ ነኝ።»